ባክቴሪያ መድኃኒትን «ይለምዳል»ን? ከሐበሻ ዶሮ ጓሮ የተነሣ ጥያቄ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ በገጠር የሚኖሩትን አክስቴን ለመጠየቅ ሄጄ ግቢያቸውን ጭር ብሎ አገኘሁት። ፈንግል ገብቶ ከአሥራ አንድ ዶሮዎቻቸው ሰባቱን ፈጅቶባቸው ነበር። የተረፉት አራቱ ክንፋቸውን ጥለው፣ አንገታቸውን ቀብረው ከአጥሩ ጥግ ተኮልኩለዋል። ከአጠገባቸው በተቀመጠው ገል ውስጥ ያለው ውኃ ቢጫ መልክ ይዟል። ምን እንዳደረጉበት ብጠይቃቸው፣ ከሱቅ የገዙትን የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈልቅቀው እንደበጠበጡበት ነገሩኝ።

«ይህ መድኃኒት እኮ ፈንግልን አይነካውም» አልኳቸው።

«ሰውን ያዳነ ዶሮን ምን ይላታል? ደግሞስ ልጄ፣ ዝም ብዬ ሲያልቁ ልያቸው?» አሉኝ።

ለሁለተኛው ጥያቄያቸው በዚያን ሰዓት በቂ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የሁለቱንም ጥያቄዎች መልስ ለመፈለግ የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ባክቴሪያ ዓለም ይወስደናል፤ ሁለተኛው ግን ወደዚያው ወደ አክስቴ ጓሮ ይመልሰናል።

ሁለት ዓይነት «መቋቋም»

እንደሚታወቀው በአገራችን ከሚገኙት ዶሮዎች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት የአገር በቀል ዝርያዎች ናቸው። ገብስማዋ፣ ወሰራዋ፣ ቀይዋ፣ አንገቷ የተመለጠው ሁሉ በጥቅሉ «የሐበሻ ዶሮ» ትባላለች። በዓመት የምትጥለው እንቁላል በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው፤ በዘመናዊ እርባታ የምትያዝ የውጭ ዝርያ ጣይ ዶሮ ግን ከ250 በላይ ትጥላለች። ይሁን እንጂ የሐበሻ ዶሮ ጭራ ታድራለች፤ ራሷ ትታቀፋለች፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶቿን ትሰበስባለች፤ ብዙ በሽታዎችንም ከውጭ ዝርያዎች በተሻለ ትቋቋማለች ተብሎ ይታመናል።

በዚህ ስፍራ አንድ ግልጽ መሆን ያለበት ጉዳይ አለ። ዶሮዋ በሽታን መቋቋሟ የራሷ የዶሮዋ ጠባይ ሲሆን፣ በዘር የሚወረስና ለባለቤቷም የሚጠቅም ነው። መድኃኒትን መቋቋም ግን የባክቴሪያው ጠባይ ነው፤ ለባክቴሪያው ይጠቅማል፤ ለዶሮዋም ለሰውም ጉዳት ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ብዙ ጊዜ ሲምታቱ ይስተዋላል። ጠንካራ ዶሮ በአንጀቷ ውስጥ የትኛውንም ዓይነት ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። እንዲያውም ራሷ ሳትታመም መሸከሟ ነው ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገው።

የችግሩን ስፋት ለመረዳት አንድ አኃዝ በቂ ነው። ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ወደ 1.27 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች በቀጥታ መድኃኒትን በሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ሳቢያ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

«መልመድ» የሚለው ቃል ያሳስታልን?

በአማርኛ ይህን ክስተት «ጀርሞች መድኃኒትን ለመዱ» ወይም «ተላመዱ» ብለን እንገልጸዋለን። ቃሉ ለጆሮ የቀለለ ነው። በአእምሮ የሚሥለው ሥዕል ግን ትክክል አይደለም። ሰው በርበሬን ቀስ በቀስ እንደሚለምድ ሁሉ፣ ባክቴሪያም መድኃኒቱን ደጋግሞ በመቅመስ ጉሮሮው የሚጠነክር ያስመስለዋል። እውነቱ ይህ መሆን አለመሆኑን የለየው ሙከራ እጅግ ያማረ ከመሆኑም በላይ፣ ከሁለቱ ባለቤቶቹ አንዱ የፊዚክስ ሰው ነበር። የፊዚክስ መምህር ስለ ዶሮ ምን አገባው ለሚሉ አንባብያን ምክንያቴ ይኸው ነው።

ማክስ ዴልብሩክ በጀርመን አገር በጌቲንገን የቲዎሪ ፊዚክስ ዶክትሬቱን ካገኘ በኋላ በበርሊን የታዋቂዋ የኑክሌር ፊዚክስ ሊቅ የሊዝ ማይትነር ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ቆይቶም ወደ ሥነ ሕይወት አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1943 ከጣሊያናዊው ሳልቫዶር ሉሪያ ጋር በአሜሪካ ሆነው አንድ ጥናት አሳተሙ። ጥያቄያቸው እንደሚከተለው ነበር፦ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ በሚገድል ቫይረስ ላይ ስናስቀምጠው ከብዙ ሚሊዮኖች መካከል ጥቂቶቹ ይተርፋሉ። እነዚህ ጥቂቶች ከቫይረሱ ጋር ሲገናኙ ያን ጊዜ ጠንካራ ሆኑ? ወይስ ቫይረሱን ሳያዩ አስቀድመው ጠንካራ ነበሩ?

ሉሪያ መልሱን የሚያገኝበት ዘዴ የታየው በአንድ የዩኒቨርሲቲ ጭፈራ ምሽት የሥራ ባልደረባው በቁማር ማሽን ሲጫወት ቆሞ ሲመለከት እንደነበር ራሱ ጽፏል። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ባዶ ይመልሳል፤ አልፎ አልፎ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ሳንቲም ያፈሳል። ሐሳቡ እንደሚከተለው ነው። ብዙ ትናንሽ ብልቃጦች ወስደን በእያንዳንዱ ውስጥ ከጥቂት ባክቴሪያዎች ጀምረን ለየብቻ እናራባ፤ በመጨረሻም ሁሉንም ከቫይረሱ ጋር እናገናኝ። ጥንካሬው የሚመጣው ከቫይረሱ ጋር በመገናኘት ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ባክቴሪያ ዕድሉ እኩል ስለሆነ ከየብልቃጡ የሚተርፉት ተቀራራቢ ይሆናሉ። በስታትስቲክስ ትምህርት እንደምናውቀው በፖይሰን ሥርጭት ቫርያንሱ ከአማካዩ ጋር እኩል ነው። ጥንካሬው አስቀድሞ በአጋጣሚ የዘር ለውጥ የሚመጣ ከሆነ ግን፣ ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ትውልዶች የደረሰበት ብልቃጥ በጠንካራ ልጆችና የልጅ ልጆች ይሞላል፤ ሌላው ባዶ ይቀራል።

ውጤቱ ምን ነበር? ከሙከራዎቹ በአንደኛው ከ20 ብልቃጦች 11ዱ አንድም የተረፈ አልነበራቸውም። በአንዱ 107፣ በሌላው 64፣ በሦስተኛው 35 ተገኙ፤ የቀሩት ስድስቱ ከአንድ እስከ ስድስት ነበራቸው። አማካዩ 11 ገደማ ሲሆን ቫርያንሱ ግን 700 ገደማ ደረሰ። እንግዲህ ቁማር ማሽኑ መልሱን ሰጠ ማለት ነው። ባክቴሪያው ጠላቱን አልለመደውም፤ ጠላቱ ከመምጣቱ በፊት ጥቂቶቹ በአጋጣሚ ተለውጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ የባክቴሪያ ሠፈሮችን በከፋይ ጨርቅ ማኅተም ከሳሕን ወደ ሳሕን በመገልበጥ ይኸው ለስትሬፕቶማይሲን መድኃኒትም እንደሚሠራ አሳዩ። ዴልብሩክና ሉሪያ ከአልፍሬድ ሄርሺ ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ከዚህ የምንማረው መድኃኒቱ ጠንካራውን ባክቴሪያ እንደማይፈጥረው ነው። መድኃኒቱ የሚያደርገው ምርጫ ነው፤ ደካማውን አጥፍቶ ሜዳውን ለጠንካራው ይለቅለታል። በየ20 ደቂቃው በእጥፍ የሚራባ አንድ ባክቴሪያ ምግብና ቦታ ካገኘ በ10 ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜ ተባዝቶ ከአንድ ቢሊዮን ይበልጣል። በአንጀት ውስጥ ዕድገቱ ከዚህ የዘገየ ቢሆንም የስሌቱ ጠባይ አይለወጥም። ስለዚህም በአክስቴ ገል ውስጥ የተበጠበጠው እንክብል ቫይረሱን ሳይነካ፣ በዶሮዎቹ አንጀት ውስጥ ግን ምርጫውን ያካሄዳል። ፈንግል፣ በሳይንሳዊ አጠራሩ የኒውካስል በሽታ፣ የቫይረስ በሽታ ነው። ቴትራሳይክሊን የሚያጠቃው የባክቴሪያን ፕሮቲን መሥሪያ፣ ማለትም ራይቦዞምን ሲሆን፣ ቫይረስ የራሱ ራይቦዞም የለውም።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ

ባክቴሪያ ቴትራሳይክሊንን ከሚቋቋምባቸው መንገዶች ዋነኛው ለፊዚክስ ተማሪ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የስቱዋርት ሌቪ የምርምር ቡድን እንዳሳየው፣ ተቋቋሚው ባክቴሪያ መድኃኒቱን አይሰብረውም፤ እንደገባ መልሶ ወደ ውጭ ይረጨዋል። በሽፋኑ ላይ የተተከለው ፕሮቲን አንድ ፕሮቶን ከውጭ ሲያስገባ መድኃኒቱን ከማግኒዚየም ጋር እንደተጣመረ በምትኩ ያስወጣል።

የዚህ ፓምፕ ጉልበት ከየት ይመጣል? ባክቴሪያው በሽፋኑ ግራና ቀኝ የፕሮቶን መጠን ልዩነት ይጠብቃል። የቮልቴጁ ልዩነት ወደ 150 ሚሊቮልት ይጠጋል። ይህ ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽፋኑ 5 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ውፍረት ስላለው የኤሌክትሪክ መስኩ ብርታት በሜትር 30 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። መብረቅ የሚፈጥረው አየር የሚበጠስበት መስክ በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ መሆኑን እናስታውስ። በአንዲት ዶሮ አንጀት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ከዚያ አሥር እጥፍ በሚበልጥ መስክ ተከቦ ይኖራል ማለት ነው።

የፓምፑ መሥሪያ ጂን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ፕላዝሚድ በሚባሉ ትናንሽ የዲ ኤን ኤ ቀለበቶች ላይ ነው። ፕላዝሚድ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ዝርያም ወደ ሌላ ዝርያ ሊተላለፍ ይችላል። በአንድ ቀለበት ላይ ለአራትና ለአምስት መድኃኒቶች የሚሆኑ ጂኖች ተደርድረው ሊገኙ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት በቴትራሳይክሊን ብቻ የተደረገ ምርጫ ሌሎቹንም መድኃኒቶች የሚቋቋሙትን አብሮ ያበዛል። ጉዳት የሌለው የዶሮ ኢ. ኮላይ ለጂኖቹ እንደ ጎተራ ሆኖ ያገለግላል፤ አደገኛው ሳልሞኔላ ከዚያ ጎተራ ሊወስድ ይችላል።

ከጫጩት መኖ እስከ ገበሬው ቤት

የዶሮና የአንቲባዮቲክ ግንኙነት የጀመረው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ በሌደርሊ ቤተ ሙከራ ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ የቫይታሚን ቢ12 ምንጭ ሲፈልጉ፣ ክሎርቴትራሳይክሊን ከተመረተበት ቅሪት የበሉ ጫጩቶች ከሌሎቹ ፈጥነው ሲያድጉ አስተዋሉ። ብዙም ሳይቆይ አነስተኛ መጠን ያለው አንቲባዮቲክ በመኖ ውስጥ መቀላቀል የተለመደ ሆነ። የሚያሳዝነው ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 በኖቤል ንግግሩ ከሚፈለገው በታች የሆነ መጠን ተቋቋሚ ባክቴሪያን እንደሚያስከትል አስቀድሞ ማስጠንቀቁ ነው።

ጉዳቱን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመው የሌቪና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። በአንድ የአሜሪካ እርሻ ላይ ዶሮዎች ቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ እንዲበሉ ተደረገ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የዶሮዎቹ የአንጀት ባክቴሪያ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተቋቋሚ ሆነ። ከአምስትና ስድስት ወር በኋላ ደግሞ በእርሻው ከሚኖሩ ሰዎች በየሳምንቱ ከተወሰዱት የዓይነ ምድር ናሙናዎች 31.3 በመቶ የሚሆኑት ከ80 በመቶ በላይ ተቋቋሚ ባክቴሪያ ነበረባቸው፤ በጎረቤቶቻቸው ግን ይህ መጠን 6.8 በመቶ ብቻ ነበር። መድኃኒቱን የወሰዱት ዶሮዎቹ ሲሆኑ የባክቴሪያው ለውጥ ግን ቀስ ብሎ ከሰው ዘንድ ደረሰ። የአውሮፓ ኅብረት አንቲባዮቲክን ለዕድገት ማፋጠኛ መጠቀምን ሙሉ በሙሉ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ነው።

መድኃኒት ያልቀመሰችው ዶሮስ?

እስከዚህ የተገለጸው የዘመናዊ እርባታ ታሪክ ነው። ጭራ የምታድረው የጓሮ ዶሮስ ከዚህ ነፃ ናትን? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ የሚገኘው ከሰሜን ምዕራብ ኢኳዶር ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 በ17 መንደሮች ከ262 የእርባታ ዶሮዎችና ለቤት ፍጆታ ከሚያዙ 455 የጓሮ ዶሮዎች ናሙና ወሰዱ። አሞክሲሲሊን-ክላቩላኔት፣ ሴፋሎቲን፣ ሴፎታክሲምና ጄንታማይሲን ከተባሉት አራት መድኃኒቶች ቢያንስ አንዱን የሚቋቋም ኢ. ኮላይ፣ ከእርባታዎቹ 52.8 በመቶ ሲሆን ከጓሮዎቹ 16 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ውጤት ሁለት ነገሮችን እናስተውላለን። አንደኛ፣ የጓሮዋ ዶሮ በእጅጉ የተሻለች ናት፤ ነፃ ግን አይደለችም። ሁለተኛ፣ በእርባታ ዶሮዎቹ ላይ ለአብዛኞቹ መድኃኒቶች ተቋቋሚነቱ ከፍተኛ ሆኖ የታየው በጫጩትነታቸው ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ እየቀነሰ ሄደ። አንዱ የባሰ ተቋቋሚ ዓይነትም ጫጩቶቹ ከተገዙበት ከአንድ የተወሰነ ቦታ ጋር የተያያዘ ነበር። በመሆኑም ተመራማሪዎቹ ምንጩ በመንደሩ ውስጥ ሳይሆን ከውጭ፣ ጫጩት ከሚመጣበት ሥፍራ ሊሆን እንደሚችል ደምድመዋል። ከዕድሜ ጋር ካልቀነሱት ጥቂቶች አንዱ የቴትራሳይክሊን ተቋቋሚነት መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህ ለአገራችን ብዙ ትርጉም አለው። በየገጠሩ የተሻሻሉ ዝርያ ጫጩቶችና ቄቦች ለገበሬው ይከፋፈላሉ፤ በከተማ ጥጋጥግም አነስተኛ እርባታዎች ተስፋፍተዋል። በመካከለኛው የአገራችን ክፍል በዶሮ እርባታዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋሙ ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ በብዛት መኖራቸውን አሳይተዋል። አዲስ የመጣችው ቄብ ከገብስማዋ ጋር በአንድ ገል ትጠጣለች፤ በአንድ ቆጥ ታድራለች። የእርባታው ኩስ ለጓሮ አትክልት ይነሰነሳል፤ የሐበሻዋ ዶሮ ያንኑ ትጭራለች። የሰው ቆሻሻ ውኃም በዚያው ያልፋል። በዚህ ላይ የሱቁ እንክብል ሲጨመር ከውጭ የገባው ጂን በጓሮው ውስጥ ተመርጦ ይበዛል።

ደግሞም እነዚህ ጂኖች ከሰው መድኃኒት ይቀድማሉ። አንቲባዮቲክ አስቀድሞ የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን አሜሪካ ዩኮን ግዛት ከ30,000 ዓመት ዕድሜ ካለው በረዷማ አፈር የቴትራሳይክሊን መቋቋሚያ ጂን መገኘቱ ተዘግቧል። ጂኑ ጥንታዊ ነው፤ አዲሱ ነገር እኛ የምናደርግለት ድጋፍ ነው።

ወደ ኋላ መመለስ ይቻላልን?

ተቋቋሚ ባክቴሪያ ፓምፑን ለመሥራትና ለማንቀሳቀስ ጉልበት ያወጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ በሌለበት ከሌሎቹ ኋላ መቅረት ይገባዋል። በካናዳ ኩቤክ የሆነው ይህን ይደግፋል። የጫጩት መፈልፈያዎች ሴፍቲዮፈር የተባለውን መድኃኒት በእንቁላል ውስጥ መውጋት እ.ኤ.አ. በ2005 በፈቃዳቸው ሲያቆሙ፣ ለሽያጭ ከቀረበ የዶሮ ሥጋ በተገኘው ሳልሞኔላ ሃይደልበርግ ላይ የነበረው ተቋቋሚነት እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ከ62 በመቶ ወደ 7 በመቶ፣ በሰዎች ላይ ደግሞ ከ36 በመቶ ወደ 8 በመቶ ወረደ። መድኃኒቱን በከፊል መጠቀም ሲጀመር ግን እንደገና ማንሠራራት ጀመረ።

ቴትራሳይክሊን ግን በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ነው። ባክቴሪያው መድኃኒቱ በሌለበት ጊዜ የፓምፑን ጂን ዘግቶ ስለሚያስቀምጠው የሚያወጣው ወጪ አነስተኛ ነው። ብዙ ጊዜም ጂኑ ከሌሎች ጋር በአንድ ፕላዝሚድ ስለሚጓዝ አንዱ ሌላውን ያቆየዋል። በመሆኑም መከላከሉ ከማስመለሱ እጅግ ይቀላል።

ምን ይደረግ?

እንግዲህ ወደ አክስቴ ሁለተኛ ጥያቄ እንመለስ። ዝም ብለው ሲያልቁ ይዩአቸውን? አይደለም። የፈንግል መከላከያው ክትባት ነው፤ ክትባቱም በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። ሙቀትን በተሻለ የሚችል፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ዓይነትም አለ። ችግሩ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ መሆኑ ነው፤ ሰባት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም። መፍትሔው የመንደሩ ሰው እንደ ዕቁብና ደቦ ተቀናጅቶ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርቶ በአንድ ቀን ማስከተብ ነው። ይህም ፈንግል ከመግባቱ በፊት መሆን ይኖርበታል፤ በበሽታው ከተያዙ በኋላ ክትባት አያድናቸውም።

ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ይጠቅማሉ። የታመመ ዶሮ ለብቻው ይለይ። አዲስ የተገዙ ጫጩቶችና ቄቦች ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀላቸው በፊት ለጊዜው ተለይተው ይቀመጡ። ኩስ ለአትክልት ከመዋሉ በፊት ተከምሮ ይብላላ። በባለሙያ ትእዛዝ መድኃኒት የወሰደች ዶሮ የጣለችው እንቁላል ባለሙያው የወሰነው ቀን እስኪያልፍ አይበላ፤ ቴትራሳይክሊን ወደ እንቁላሉ ይገባልና።

ስለ ወጥ ቤታችንም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። መድኃኒትን የሚቋቋም ባክቴሪያ እሳትን አይቋቋምም። ለሰዓታት በተንተከተከ የዶሮ ወጥ ውስጥ አንድም አይተርፍም። አደጋው ያለው ከድስቱ በፊት ነው። ዶሮዋ በአሥራ ሁለት ብልት ስትበለት፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ ስትታጠብ፣ የእጥበቱ ውኃ የሚረጭበት ሰሌዳና ቢላ ለሰላጣ ከዋለ ባክቴሪያው በእሳት ሳያልፍ ማዕድ ላይ ይቀርባል። ጥሬ እንቁላል በወተት መትቶ መጠጣትም እንደዚሁ የሚያሠጋ ልማድ ነው።

ለተማሪዎች ደግሞ የሚሆን ሥራ አለ። መድኃኒት የነከረ ክብ ወረቀት ባክቴሪያ በተዘራበት ሳሕን ላይ ሲቀመጥ በዙሪያው ባዶ ቀለበት ይታያል፤ የቀለበቱ ስፋት የመድኃኒቱን ሥርጭትና የባክቴሪያውን ብርታት በአንድነት ይናገራል። ሥርጭቱ የፊዚክስ፣ ዕድገቱ የሥነ ሕይወት፣ ትንተናው የስታትስቲክስ ነው። የሦስቱ ክፍሎች ተማሪዎች ተባብረው፣ በመምህራቸው ቁጥጥርና በተገቢው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ የአካባቢያቸውን የሐበሻ ዶሮዎች ሁኔታ ቢያጠኑ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

ከአክስቴ አራት ዶሮዎች ሁለቱ ተርፈዋል። አክስቴ ያተረፋቸው እንክብሉ ነው ብለው ያምናሉ፤ እኔ ደግሞ ያተረፋቸው የራሳቸው ጥንካሬ ነው እላለሁ። በሁለት ዶሮ ብቻ ማንኛችንም ማስረዳት አንችልም። የተስማማንበት አንድ ነገር ግን አለ፤ በሚቀጥለው ግንቦት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከአምስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ሊያስከትቡ ቃል ገብተዋል። እንክብሉም ከሞሰብ ሥር ወጥቶ ተጥሏል። የልጅ ልጃቸው በታመመ ጊዜ ሐኪም የሚያዝለት መድኃኒት ሳይሠራ እንዳይቀር አክስቴም ይፈራሉ፤ ያሳመናቸውም ከነገርኳቸው ሁሉ ይኸው ነበር።